ስኳሩ የተቀነሰ ፒካን ፓይ በጤፍ ሊጥ

አሜሪካ ውስጥ ኖቬምበር ላይ የምስጋናው በዓል (ታንክስጊቪንግ) ሲደርስ ከቱርክ ዶሮውና ከዱባው ፓይ አጠገብ የማይጠፋው ፒካን ፓይ ነው፤ ፒካን ዋልነት መሳይ ቅባታም ፍሬ ነው። የተለመደው አሠራር ልጅም አይሳሳተውም፦ 3 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 1 ኩባያ የበቆሎ ሽሮፕ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ ቫኒላ፣ ኩባያ ተኩል ፒካን። ሁሉም ይደባለቅና የፓይ ሊጥ ላይ ፈስሶ አንድ ሰዓት ያህል ይጋገራል። ስኳሩ 200 ግራም፣ ሽሮፑ ወደ 330 ግራም ይመዝናል። በአንድ የፓይ ሳህን ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በላይ ጣፋጭ ነገር ገባ ማለት ነው። ለ8 ሰው ሲቆረጥ ከስኳሩ ብቻ ለእያንዳንዱ 25 ግራም ይደርሳል፤ ሽሮፑ ገና አልተቆጠረም። አሜሪካ ውስጥ የምግብ ማሸጊያ ላይ ለአንድ ቀን እንደ ልክ የሚያዘው የተጨመረ ስኳር 50 ግራም ነው።

«ጤናማ ፒካን ፓይ» እየተባለ የሚሰራጨው አሠራር አብዛኛው የበቆሎ ሽሮፑን አውጥቶ በዚያው መጠን ሜፕል ሽሮፕ ወይም ማር ያስገባል፤ ነጩን ስኳር ደግሞ በኮኮናት ስኳር ይተካል። ይህ ስም መቀየር ነው። ማርም፣ ሜፕልም፣ የኮኮናት ስኳርም ለሰውነት ስኳር ናቸው። ደግሞም ፓዩ አይረጋም፤ ቢላ ሲገባበት ውስጡ ይፈሳል። ስለዚህ ስኳሩን በእውነት መቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ስኳሩ እዚያ ውስጥ ምን ሥራ እንደነበረው ማወቅ አለበት፤ ያንን ሥራ ለሌላ ነገር ካልሰጠው ፓዩ ይበላሽበታል።

የመጀመሪያው ሥራ ማወፈር ነው። የበቆሎ ሽሮፕ ወፍራም የሆነው ረጃጅም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ስላሉበት ነው፤ ስኳሩ ቀዝቅዞ እንደ አሸዋ እንዳይሆንም ይከላከላል። ሜፕል ሽሮፕ ግን ሲሦው ያህል ውሃ ነው፤ የሚያወፍረው ነገር የለውም። ሁለተኛው ሥራ እንቁላሉን መጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንኛውን ነው። የእንቁላል ፕሮቲን የሚረጋበት ሙቀት ስኳር በበዛ ቁጥር ከፍ ይላል። ባለ ግማሽ ኪሎ ስኳሩ ፓይ መሀሉ 93 ሴልሺየስ ቢደርስ ምንም አይሆንም። ስኳሩ ሲቀነስ ግን እዚያ ሙቀት ሳይደርስ እንቁላሉ ይቋጠርና ውሃው ለብቻው ይወጣል። ሦስተኛው ቀለምና ጣዕም ነው፤ ያ የካራሜል ሽታ ከስኳሩ ነው የሚመጣው።

እዚህ የምንሰጠው አሠራር እነዚህን ሦስቱን ሥራዎች ያከፋፍላል። ማወፈሩን ለቴምርና ለትንሽ የበቆሎ ስታርች፣ እንቁላሉን መጠበቁን ለስታርችና ለለዘብተኛ ሙቀት፣ ጣዕሙን ደግሞ ለታመሰ ፒካን፣ ለቡናማ ቅቤና ለቡና። ወግ አጥባቂ የሆነ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰው «ይሄ ፒካን ፓይ አይደለም» ሊል ይችላል። ነገር ግን የበቆሎ ሽሮፑ ራሱ መጤ ነው፤ ካሮ የሚባለው ሽሮፕ ገበያ ላይ የዋለው በ1902 ሲሆን፣ በእሱ የሚሠራው ፓይ በየቤቱ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ በወተትና በእንቁላል ካስተርድ ይሠራ ነበር።

ስለ ካሎሪ ግን አስቀድመን እንነጋገር፤ ብዙ ጦማር የሚሸፋፍነው እዚህ ላይ ነውና። ፒካን ከ100 ግራሙ 72 ግራም ያህል ቅባት ነው፤ አብዛኛው ጥሩ የሚባለው ያልሞላ ቅባት ነው፣ ካሎሪው ግን አይቀርም። ከታች ያለው ሙሉ ፓይ በጠቅላላው ወደ 4,000 ካሎሪ ይሆናል። ለ8 ከተቆረጠ 500፣ ለ10 ከተቆረጠ 400። የተለመደውም ፓይ አንዱ ቁራሽ በ500 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ያለው ስኳሩ ላይ ነው። ለ10 ሲቆረጥ ከሽሮፑ የሚመጣው የተጨመረ ስኳር በአንድ ቁራሽ ወደ 7 ግራም ይወርዳል፤ ከቴምሩ ደግሞ ሌላ 10 ግራም ያህል ይኖራል። አሰሩም (ፋይበሩ) ከ4 እስከ 5 ግራም ይደርሳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የቴምሩንም ስኳር አብሮ መቁጠር አለበት፤ «ቴምር ነው፣ ችግር የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም። ለ10 ቁረጡት። ወፍራምና አጥጋቢ ስለሆነ ቀጭኑ ቁራሽ ይበቃል።

ፒካኑን ስለመምረጥ

ሁሉ ነገር ፒካኑ ላይ ነው። ስኳር ብዙ ድክመት ይሸፍናል፤ ስኳሩ ሲቀነስ ግን የከረመ ፒካን ወዲያው ይታወቃል። ምርቱ የሚሰበሰበው ከኦክቶበር ጀምሮ ነው፤ በብዛት የሚመጣውም ከጆርጂያ፣ ከኒው ሜክሲኮና ከቴክሳስ ነው። ኖቬምበር ላይ የሱቅ መደርደሪያ የያዘው ሁሉ ግን የዘንድሮ ነው ማለት አይደለም፤ ያለፈው ዓመትም አብሮ ይሸጣል። ከረጢቱን ስትከፍቱ የከረመ ዘይት ወይም የቀለም ሽታ ካለው፣ አንዱን ቀምሳችሁ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት ካለው መልሱት። ቀለሙ ፈካ ያለ ወርቃማ ሲሆን ትኩስ ነው፤ እየጠቆረ ሲሄድ ቅባቱ እየተበላሸ ነው። (ዘራቸው ጠቆር ያለ አንዳንድ ፒካኖች ስላሉ ግን የመጨረሻው ዳኛ ምላስ ነው።)

ትልልቁንና ቅርፊቱ ስሱን ፒካን ያገኘነው ዛፍ በማዳቀል፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር በማጣበቅ ነው። የሚታወቀው የመጀመሪያው የተሳካ የማዳቀል ሥራ በ1840ዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ አንትዋን በተባለ በባርነት ተይዞ በነበረ አትክልተኛ የተሠራ ነው፤ ከእሱ ዛፎች የተገኘው ዝርያ በ1876 ፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ በኋላ ሴንቴኒያል ተባለ። ለዚህ ፓይ ግን ትልቅነቱ ዋጋ የለውም። ከዱር ዛፍ የሚለቀመው ትንሹ ፒካን ካጋጠማችሁ እሱን ግዙ፤ ብዙውን ጊዜ ቅባቱ የበዛ፣ ጣዕሙ የጠለቀ ነው። ደግሞ ግማሹ ስለሚከተፍ ለሙሉው ፍሬ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ለምን አስፈለገ? የተሰባበረውን ግዙና ከላይ ለሚደረደረው ብቻ ሙሉውን ለይታችሁ ያዙ።

በጠቅላላው 280 ግራም ያስፈልጋል፦ 80 ለሊጡ፣ 120 ተከትፎ ለውስጡ፣ 80 ከላይ። ኦቨኑን 350 ፋራናይት (175 ሴልሺየስ) አድርጉና 200ውን ግራም በትሪ ላይ ዘርግታችሁ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ አምሱት። የሊጡ 80 ግራም ጥሬውን ይቆይ፣ ከሊጡ ጋር ስለሚጋገር። ሽታው ኩሽናውን ሲሞላ አውጡና ወዲያው ከትኩሱ ትሪ ወደ ሳህን ገልብጡት፤ ትሪው ላይ ከተዋችሁት ከወጣም በኋላ ማረሩን ይቀጥላል። ሳይታመስ የሚገባ ፒካን እርጥቡ ድብልቅ ውስጥ ተቀምጦ ይለሰልሳል እንጂ አይበስልም።

ሊጡ

የጤፍ ዱቄት እዚህ የገባው ለሀበሻነት ሲባል አይደለም። ቀይ ጤፍ ሲጋገር የሚያመጣው ጣዕም ራሱ የፍሬ ጣዕም ነው፤ ከፒካን ጋር ከነጭ ፉርኖ ዱቄት ይልቅ ይሄዳል። ግሉተን ስለሌለው ብዙ ቢታሽም አይጠነክርም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፦ የሚያያይዘው ነገር ስለሌለ ይፈረፈራል፤ በመዳመጫም አይዘረጋም። ስለዚህ በእጅ ሳህኑ ላይ ይጠቀጠቃል፣ የሚያያይዘው ደግሞ የእንቁላል ነጭ ነው።

120 ግራም ቀይ የጤፍ ዱቄት፣ 80 ግራም ጥሬ ፒካን፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 60 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ የ1 እንቁላል ነጭ፣ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። አስኳሉን አትጣሉት፣ ለውስጡ ይፈለጋል። የተነጠረ የወጥ ቅቤ ግን አታስገቡ፤ ኮሰረቱና ነጭ ሽንኩርቱ ፓዩን ይወስደዋል።

ፒካኑን ከ2 የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት ጋር አድርጋችሁ በመፍጫ አጭር አጭር እያላችሁ ፍጩት። ዱቄቱ አብሮ የሚገባበት ምክንያት አለ፤ ፒካን ብቻውን ሲፈጭ በሰከንዶች ውስጥ ዘይቱን ለቆ ወደ ቅቤነት ይለወጣል። ከቀረው ዱቄትና ከጨው ጋር ደባልቁ፣ ቅቤውንና ነጩን ጨምሩ፣ በእጅ ጨበጥ ሲደረግ እስኪያያዝ ድረስ ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። ከዚያ ለ15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጤፍ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ መጀመሪያ የላላ የመሰለው ሊጥ ካረፈ በኋላ ይጠብቃል። ሳያርፍ ውሃ ወይም ዱቄት መጨመር የሚያስቆጭ ነው።

23 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን የፓይ ሳህን ቀለል አድርጋችሁ ቅቤ ቀቡት። መጀመሪያ ጎንና ጎኑን ጠቅጥቁ፣ ቀጥሎ ወለሉን። ወለሉን ካስቀደማችሁ ለጎኑ ሊጥ አይተርፍም፣ የታችኛው ማዕዘንም ወፍሮ ጥሬ ይቀራል። ወለሉንና ጎኑን በብርጭቆ ቂጥ እኩል አድርጉት፤ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። በሹካ ወለሉን ወጋ ወጋ አድርጉ፣ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ሳህኑ የመስታወት ከሆነ ፍሪዘሩን ተዉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ከፍሪዘር ወጥቶ ወዲያው ጋለ ኦቨን ውስጥ የገባ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

በ350 ፋራናይት ለ15 ደቂቃ ጋግሩት። ጤፍ ጠቆር ያለ ስለሆነ በዓይን መብሰሉን ማወቅ ያስቸግራል። ወለሉ በጣት ሲነካ ደረቅ ከሆነና የማይገባ ከሆነ ደርሷል። መሀሉ ተነፍቶ ከሆነ ትኩስ እንዳለ በማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጉት፣ ይመለሳል። ስንጥቅ ካለ ከሳህን ግርጌ በቀረ ሊጥ ድፈኑት፤ ክፍት ከቀረ ውስጡ ወደ ታች ሰርጎ ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል።

ግሉተን የማይስማማው ሰው የሚበላው ከሆነ የጤፍ ዱቄቱን ከረጢት አንብቡ። ለእንጀራ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው።

ውስጡ

ቴምሩ 150 ግራም ፍሬው የወጣ መጁል ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ 6 ወይም 7 ፍሬ ነው። በ120 ሚሊ ሊትር የፈላ ጥቁር ቡና ዘፍዝፉት። ውሃም ይሆናል፤ ነገር ግን ስኳሩ የቀነሰ ፓይ ላይ የእንቁላሉ ሽታ ብቅ ይላል፣ ቡናው እሱን ይሸፍንለታል። ሲበላ ቡና ቡና አይልም። ለልጆች ከሆነ ውሃ አድርጉት። 15 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ልጣጩ ሲለቅ በጣት አውጡት፤ ካልወጣ ብሌንደሩ የማይፈጨው ቅጠል መሳይ ነገር ውስጡ ይቀራል። ዴግሌት ኑር የሚባለው ረዘም ያለና ደረቅ ቴምር ብቻ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ በሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ሶዳ ቢጨመርበት ልጣጩ ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ሶዳ ሳሙና ሳሙና ያሰኛል።

ቴምሩን ከነቡናው፣ ከ80 ሚሊ ሊትር ሜፕል ሽሮፕና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር በብሌንደር ፍጹም ልስልስ እስኪል ፍጩት። ሜፕሉ ጠቆር ያለው ይሁን፤ በዚህ ትንሽ መጠን ጣዕሙ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ከሱቅ ስትገዙ «ፓንኬክ ሽሮፕ» ከሚለው ተጠንቀቁ፣ እሱ ራሱ የበቆሎ ሽሮፕ ነው፤ ቀለምና ሽታ ተጨምሮበት። እስራኤል ያላችሁ ሲላን (የቴምር ሽሮፕ) በሜፕሉ ቦታ ይሆናል፣ ወፍራም ስለሆነ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላይ ያላችሁም የቴምር ድብሱን በዚሁ ልክ ተጠቀሙ።

በትንሽ ድስት 30 ግራም ቅቤ አቅልጡ፤ አረፋው ሲረግብ ከሥሩ ያለው ዝቃጭ ቡናማ እስኪሆንና የተቆላ ፍሬ ሽታ እስኪሰጥ ከእሳቱ አጠገብ አትራቁ። ከቡናማ ወደ ጥቁር ያለው ርቀት ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ጥቁሩን ድስት ሳይሆን ውስጡ ነጣ ያለውን ተጠቀሙ፣ ቀለሙ እንዲታይ።

በሌላ ሳህን 3 እንቁላልና የተረፈውን አስኳል ከ1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ከ2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ከ1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ከሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ጋር በእጅ መምቻ አዋህዱ። ብሌንደር ውስጥ እንቁላል አትጨምሩ። አረፋ ይይዛል፤ አረፋው ከላይ ተንሳፍፎ ሲጋገር ነጭ ቆዳ ይሠራል፣ ከሥሩም ባዶ ቦታ ይተዋል። ስታርቹ እንዳይጓጉል መጀመሪያ ከአስኳሉ ጋር ብቻ አሽታችሁ ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። ኮረሪማው የግድ አይደለም፤ ቀረፋ ግን ባታስገቡ ይሻላል፣ ፒካኑን ይደብቀዋል።

የቴምሩ ድብልቅ ለብ ሲል፣ ጣት አስገብታችሁ የማያቃጥል ሲሆን፣ እንቁላሉ ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱ፣ ቅቤውንም ጨምሩ። ትኩሱን ካፈሰሳችሁ እንቁላሉ እዚያው ይቋጠራል። ተቋጥሮ ከሆነ በወንፊት ማጥለል ጥቃቅኑን ያወጣዋል፤ በጣም ከተቋጠረ ግን አይመለስም፣ በአዲስ እንቁላል ጀምሩ።

መጋገሩ

የተከተፈውን 120 ግራም ፒካን ሊጡ ላይ በትኑ፣ ድብልቁን አፍስሱ፣ ሙሉ ፍሬዎቹን ከላይ ደርድሩ። ክትፎው ከፊሉ ይንሳፈፋል፣ የሚጠበቅ ነው። ሁሉንም ሙሉ ሙሉውን ማድረግ ለፎቶ ያምራል፤ ሲቆረጥ ግን ቢላው ፍሬውን እየገፋ ውስጡን ይጨፈልቀዋል።

ኦቨኑ ውስጥ በታችኛው ሲሦ ላይ ትሪ አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ፓዩ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከታች የሚመታው ሙቀት ሊጡ እንዳይርስ ያደርጋል። በ350 ፋራናይት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ 325 (165 ሴልሺየስ) ዝቅ አድርጋችሁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ የሊጡ ጠርዝና የላይኞቹ ፍሬዎች ከጠቆሩ ፎይል ሳታጣብቁ ጣል አድርጉበት።

መብሰሉን በሰዓት አትወስኑ። ቴርሞሜትር ካለ መሀሉ 82 ሴልሺየስ (180 ፋራናይት) ሲሆን አውጡ። የተለመደው ፓይ አሠራር 93 ድረስ ይላል፤ እዚህ እሱን ከተከተላችሁ ውስጡ ጥቃቅን ጉድጓድ የበዛበት፣ ውሃ የሚለቅ ነገር ይሆናል። ቴርሞሜትር ከሌለ ሳህኑን በጓንት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት፦ ጠርዙ ትንሽ ተነፍቶ የጸና፣ መሀሉ ላይ ግን የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ገና የሚንቀጠቀጥ መሆን አለበት። ማዕበል ሠርቶ የሚሄድ ከሆነ 5 ደቂቃ ይጨመርለት። ጭራሽ የማይነቃነቅ ከሆነ አልፏል። መሀሉ የሚረጋው ከወጣ በኋላ በራሱ ሙቀት ነው። የመሀሉ ጉብታ ተሰንጥቆ ካያችሁም ያው አልፏል ማለት ነው፤ ይበላል፣ ግን ይደርቃል።

ሽቦ ላይ አድርጋችሁ እስከ 2 ሰዓት አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 3 ሰዓት። እንቁላል ያለበት ነገር ከ2 ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆይም፤ ስኳሩ የበዛው ፓይ ሌሊቱን ውጪ ያድራል የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። ትኩሱን መቁረጥ ደግሞ የድካማችሁን ውጤት በማንኪያ መብላት ነው። ስታርቹም የቴምሩ ጭማቂም የሚይዙት ሲቀዘቅዙ ነው።

ሲቆረጥ ከታች ውሃ ካያችሁ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ውሃው ንጹሕና ቀጭን፣ ውስጡም የተቆራረጠ ከሆነ ብዙ ቆይቷል። ፈሳሹ ወፍራምና ቡናማ ከሆነ ግን አልበሰለም፤ 325 ላይ ለ10 ደቂቃ መመለስ ይቻላል፣ በዚያው ቀን ከሆነ። ሊጡ የረሰረሰው ያለ ውሃ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ብቻውን ሲጋገር አልደረቀም። ሲቆረጥ የሚበታተን ሊጥ ውሃው ያነሰ ወይም ነጩ የተረሳ ሊጥ ነው።

ጣፋጭነቱ ያንሳል የሚል እንግዳ ይኖራል። ስኳር ከመጨመር በፊት ጨውን አስቡ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ፈርተው ያጎደሉ ሰዎች ናቸው ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት። የስኳር መተኪያ መጠቀም የሚፈልግ ካለ ኤሪትሪቶል ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ሠርቶ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ አፍ ውስጥም ቀዝቃዛ ስሜት ይተዋል። አሉሎስ ይሻላል፣ ክሪስታል አይሠራም፤ ግን ቶሎ ይጠቁራልና ፎይሉ ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይኑር። ማርም እንዲሁ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ከፒካኑ ይበልጣል።

ለጾም

ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25። ሐሙሱ ከመግቢያው ቀን በፊት ካልዋለ በቀር ጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ በ2026ም ኖቬምበር 26 ነው። ስለዚህ በብዙ የሀበሻ ቤት ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የሚሠራው ፓይ ከመደበኛው ይልቅ ይፈለጋል። ከመደበኛው ላይ እንቁላሉን በተልባ ተክቶ መጋገር ግን አያዋጣም። ተልባ ሊጥ ያያይዛል እንጂ ካስተርድ አያረጋም፤ ውስጡ ሙልጭልጭ ብሎ ይቀራል። ሥራውን ለስታርች መስጠት ነው የሚሻለው።

ሊጡ ላይ ነጩን በ1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባና በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተኩት፤ 10 ደቂቃ አርፎ ይወፍራል። ቅቤውን በ50 ሚሊ ሊትር ዘይት። የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው። ሌላ ውሃ አትጨምሩ፣ የተልባው ይበቃል። መጋገሪያው ያው 15 ደቂቃ ነው፣ ካልደረቀ 3 ደቂቃ ጨምሩ።

ለውስጡ ቴምሩን በ60 ሚሊ ሊትር ቡና ብቻ ዘፍዝፉት። ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር ወፍራም የኮኮናት ወተት፣ ያው 80 ሚሊ ሊትር ሜፕል፣ ጨውና ቫኒላ ጨምራችሁ ፍጩ። 3 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች እዚያው ቀዝቃዛው ውስጥ ይግባ። ሎሚውን ተዉት፣ አሲድ የስታርቹን መያዣ ያላላል። ድስት ውስጥ በመካከለኛ እሳት ያለማቋረጥ አማስሉ፤ ወፍሮ እፍ እፍ ማለት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ከዚያ በፊት የወጣ ስታርች ጥሬ ዱቄት ይላል፣ ሲቀዘቅዝም ይላላል። ማንኪያው ሲጎተትበት የድስቱ ወለል ለአፍታ ታይቶ ሲከደን ደርሷል። የታመሰውን ክትፎ ፒካን ቀላቅሉ፣ በተጋገረው ሊጥ ላይ ገልብጡ፣ ከላይ ፍሬውን ደርድሩና በ350 ፋራናይት ለ25 ደቂቃ ጋግሩ። ይህኛው ቴርሞሜትር አይፈልግም፣ የሚቋጠር እንቁላል የለውም። ግን ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በዋዜማው ሥሩት።

«የጾም ነው፣ ቀላል ነው» የሚለው እዚህ አይሠራም፤ የኮኮናቱ የሞላ ቅባት ከቅቤው ብዙም አያንስም። የሚጾመው ለጤና አይደለምና ይህ የሚያሳስበው ካለ በኮኮናቱ ቦታ ያልጣፈጠ የአጃ ወተት ያድርግ፤ ስታርቹ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይጨመርበት፣ ጣዕሙም ትንሽ ይሳሳል።

ሁለቱም ፓዮች ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍነው 3 እስከ 4 ቀን ይቆያሉ። ሽፋኑ የላይኞቹን ፍሬዎች ስለሚያለሰልሳቸው ከመቅረቡ በፊት ቁራሹን 300 ፋራናይት ላይ 8 ደቂቃ ማሞቅ ይመልሳቸዋል፤ ማይክሮዌቭ ግን ሊጡን ያረጥበዋል። ባለ እንቁላሉ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ 2 ወር ይሆናል፤ ሲወጣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይቅለጥ። የጾሙን ግን ፍሪዘር አታስገቡት፣ የበቆሎ ስታርች ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል። የተረፈውን ጥሬ ፒካን አየር በማይገባበት ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጣችሁት እስከሚቀጥለው ዓመት ምርት ድረስ ይቆያል።